ከ15 ዶላር በታች የሆነ ድብልቅ ቀይ ወይን፦ ስለ አቀማመሱና ስለ ነጥብ አሰጣጡ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እኔና ጓደኞቼ ሜሪላንድ ውስጥ በወር አንድ ቅዳሜ ማታ እንሰበሰባለን። እያንዳንዱ ሰው አንድ ጠርሙስ ድብልቅ ቀይ ወይን ይዞ ይመጣል። ዋጋው ከ15 ዶላር መብለጥ የለበትም። ጠርሙሶቹን ሸፍነን እንቀምሳለን፣ ነጥብ እንሰጣለን፣ ከዚያ እራት ይቀርባል። ይህን የሰሙ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። ከሁሉም በላይ የማምንበት አንድ ነገር አለ። ስሙንና ዋጋውን እያየ የሚቀምስ ሰው ነጥቡን የሚሰጠው ለወይኑ ሳይሆን ጠርሙሱ ላይ ለተለጠፈው ወረቀት ነው።

ድብልቅ ወይን ማለት ምን ማለት ነው? የተበረዘ ነው?

አይደለም። ውሃም ስኳርም ተጨመረበት ማለት አይደለም። ከሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ የወይን ዘሮች የተሠራ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ እያንዳንዱ ዘር ለብቻው ይጠመቃል። ከዚያ ጠማቂው ከእያንዳንዱ እየቀመሰ መጠኑን ይወስናል።

በርበሬን አስቡት። ዛላው ብቻውን ቢፈጭ ያቃጥላል እንጂ ወጥ አያጣፍጥም። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ኮረሪማውና ጥቁር አዝሙዱ ሲገባበት ነው ለዛ የሚኖረው። መጠኑን ደግሞ እያንዳንዷ እናት በእጇ ነው የምታውቀው። የወይን ድብልቅም እንደዚያው ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በቦርዶ ካበርኔ ሶቪኞን ጥንካሬውን ይሰጣል፣ ሜርሎ ያለሰልሰዋል፣ ካበርኔ ፍራንክ መዓዛ ይጨምርበታል፣ ትንሽ ፔቲ ቨርዶ ደግሞ ቀለሙን ያደምቀዋል። በደቡብ ሮን ሸለቆ ግሬናሽ፣ ሲራና ሙርቬድር አብረው ይሄዳሉ። እዚያው ያለው ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ የተባለው የወይን አካባቢ በደንቡ 13 የወይን ዘሮችን ይፈቅዳል። ከዓለም ውድ ወይኖች ብዙዎቹ ድብልቅ ናቸው። ስለዚህ «ድብልቅ» የሚለው ቃል ስለ ጥራት የሚነግራችሁ ነገር የለም።

አንድ ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ ጠርሙሱ ላይ «ካበርኔ» ተብሎ እንዲጻፍ ከውስጡ 75 በመቶው ካበርኔ መሆኑ ብቻ ይበቃል። በአውሮፓ ኅብረት 85 በመቶ ነው። ስለዚህ ያልተደባለቀ መስሏችሁ የምትጠጡትም ሩቡ ሌላ ሊሆን ይችላል። ቺሌ ውስጥ ደግሞ ሜርሎ ተብሎ ሲለቀም ከነበረው ብዙው ካርሜኔር የተባለ ሌላ ዘር መሆኑ የታወቀው በ1994 ነው። አገሩ ሁሉ ሳያውቀው ድብልቅ ሲጠጣ ነበር ማለት ነው። እኔ ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ።

ለምን ይረክሳል?

አንደኛው ምክንያት ፍሬው ነው። ስመ ጥር የሆነ አንድ እርሻ ላይ ብቻ የተለቀመ ፍሬ ውድ ነው። ድብልቅ የሚሠራ ግን ፍሬውን ከሰፊ አካባቢ ገዝቶ አንዱ የጎደለውን በሌላው መሙላት ይችላል።

ሁለተኛው በርሜል ነው። ከፈረንሳይ ኦክ እንጨት የተሠራ አዲስ በርሜል ከ800 ዶላር በላይ ያወጣል። የሚይዘው 225 ሊትር፣ ማለትም 300 ጠርሙስ ነው። አካፍሉት። ለአንድ ጠርሙስ ገና ከጅምሩ ወደ 3 ዶላር ገደማ ጨመረ ማለት ነው። 10 ዶላር ለሚሸጥ ወይን ይህ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ብዙ ፋብሪካዎች ወይኑን በብረት ታንከር ያቆዩና የኦክ ስንጣሪ ይነክሩበታል። የቫኒላውና የጢሱ ሽታ በዚህም ይመጣል። ሕጋዊ ነው፣ ጉዳትም የለውም። ግን ሽታው ከወይኑ ጋር ያልተዋሐደ ሲሆን ቀማሽ ያውቀዋል። ቫኒላው ቀድሞ ይመጣና ፍሬው ከኋላው ይቀራል።

በዚህ ዋጋ ከየት አገር የመጣውን ልግዛ?

እኔ መጀመሪያ እጄን የምዘረጋው ወደ ፖርቱጋል ነው። ዶውሮና አሌንቴዡ ከተባሉት አካባቢዎች የሚመጡ ድብልቆች ለዋጋቸው የሚደንቁ ናቸው። እንደ ቱሪጋ ናሲዮናል ያሉትን ዘሮቻቸውን ብዙ ሰው ስለማያውቃቸው ለስም ብላችሁ የምትከፍሉት ትርፍ የለም። ቀጥሎ የስፔን ሪዮሃ ነው። ቀጥሎ የፈረንሳይ ኮት ዱ ሮን። ከቺሌና ከአርጀንቲናም ጥሩ ይገኛል።

በዚህ ዋጋ ቦርዶ መግዛት ግን እጣ እንደማውጣት ነው። አንዳንዱ ግሩም ነው፤ ብዙው ቀጭንና ኮምጣጣ ነው። የካሊፎርኒያዎቹ ድብልቆች ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። ለስለስ ያሉ፣ ጃም ጃም የሚሉ፣ ብዙ ጊዜም ስኳር የተረፈባቸው ናቸው። ወይን ለጀመረ ሰው ይጥማሉ። ለብቻቸው ሲቀመሱ እኔ ብዙ ነጥብ አልሰጣቸውም፤ ወደ ምግብ ስንደርስ ግን ስለነሱ ሌላ የምለው አለኝ።

ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው የትኛውን ልመን?

የአልኮል መጠኑን እዩ። 12.5 በመቶ ከሆነ ቀለል ያለ፣ 14.5 ከሆነ የሚያሞቅና ወፍራም ወይን ጠብቁ። ዓመተ ምሕረቱን እዩ። ርካሽ ቀይ ወይን የሚሠራው ቶሎ እንዲጠጣ ነው፤ ስድስትና ሰባት ዓመት መደርደሪያ ላይ የቆየ 9 ዶላር ወይን አትግዙ። አሜሪካ ውስጥ «ሪዘርቭ» የሚለው ቃል በሕግ የተወሰነ ትርጉም የለውም፣ እለፉት። የሪዮሃ «ክሪያንሳ» ግን ትርጉም አለው። ቢያንስ ሁለት ዓመት ቆይቷል፣ ከዚያ ውስጥ አንዱን ዓመት በኦክ በርሜል። በ12 ዶላር የበርሜል ወይን የሚገኘው እዚያ ነው። ክዳኑ ቡሽ ሳይሆን የሚጠመዘዝ ቆርቆሮ ቢሆን ግድ አይስጣችሁ።

«ደረቅ ወይን» ይሉታል። ፈሳሽ ነገር እንዴት ደረቅ ይሆናል?

ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ያለብን እኛ ነን። ጠጅ ቤት ገብታችሁ «ደረቅ ነው ለስላሳ?» ተብላችሁ አታውቁም? ነገሩ ያው ነው። ለስላሳው ማሩ ገና ያልተብላላ፣ ጣፋጭ ነው። ደረቁ ማሩ ወደ አልኮል ተለውጦ ያለቀ ነው። መካከለኛው በሁለቱ መሀል ነው። ወይንም እንዲሁ። እርሾው የፍሬውን ስኳር ሁሉ ከጨረሰ ደረቅ፣ ካስተረፈ ጣፋጭ ይባላል።

ሰው ግን ደረቅን ከታኒን ጋር ያምታታዋል። ታኒን ከወይኑ ቆዳ፣ ከፍሬው ውስጥ ካለው ዘርና ፍሬው ከተንጠለጠለበት ዘንግ የሚመጣ ነው። ድድ ይይዛል፣ ምላስን ያከረክራል። በራዱ ውስጥ ረስታችሁት የጠቆረ ሻይ ያለ ስኳር ቅመሱ፤ ያ አፍን የሚይዘው ነገር ታኒን ነው። ጣፋጭ ወይንም ታኒን ሊኖረው ይችላል።

ለመቅመስ ምን ያስፈልገኛል?

ሆዱ ሰፋ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ። ብርሌም ቅርጹ ለዚህ የቀረበ ይመስላል፤ ግን አንገቱ በጣም ስለጠበበ አፍንጫ አያስገባም። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ብርጭቆ ይያዝ። የወረቀት ከረጢት፣ ማርከር፣ ወረቀትና እርሳስ፣ ውሃ፣ ያልተቀባ ዳቦ። ሽቶ የተቀባ እንግዳ እንዳይመጣ አስቀድማችሁ ንገሩ። ዕጣኑም ቡናው እስኪፈላ ይቆይ።

ሙቀቱን አደራ! «ቀይ ወይን አይቀዘቅዝም» የሚባለው በማሞቂያ ለሚሞቅ ሳሎን አይሠራም። የሚመቸው ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከመቅመሳችሁ በፊት ጠርሙሶቹን 20 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩ። ርካሽ ወይን ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል፣ ጉድለቱም ሁሉ ይወጣል።

እሺ፣ እንዴት ነው የሚቀመሰው?

እኛ ጋ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ባለቤቴ ወጥ ቤት ውስጥ ቡሾቹን ትነቅላለች። ጠርሙሶቹን በቡናማ ከረጢት ታለብስና አንገታቸውን በላስቲክ ታስራለች። ከዚያ ሌላ ሰው ይገባና ቅደም ተከተላቸውን አቀያይሮ ቁጥር ይጽፍባቸዋል። ስለዚህ የትኛው የትኛው እንደሆነ እሷም አታውቅም፣ እሱም አያውቅም። ለእያንዳንዱ ሰው ከአምስቱም ጠርሙሶች ትንሽ ትንሽ፣ ወደ 50 ሚሊ ሊትር፣ በአንድ ጊዜ ይቀዳል። ጎን ለጎን መቅረባቸው ወሳኝ ነው። ምላስ የትናንቱን ከዛሬው ጋር ማወዳደር አይችልም፤ የግራውን ከቀኙ ጋር ግን አሳምሮ ያወዳድራል።

መጀመሪያ ነጭ ወረቀት ላይ አዘንብላችሁ ቀለሙን እዩ። ሐምራዊ ከሆነ ልጅ ነው፤ ጠርዙ ወደ ሸክላ ቀለም ካደላ እድሜ ገብቶበታል። ሳታወዛውዙ አሽትቱ። ከዚያ አዙሩና እንደገና አሽትቱ። የመጀመሪያውን ስሜታችሁን ወዲያው ጻፉት፣ ቶሎ ይጠፋል።

ከዚያ ቅመሱ። ፉት ስትሉ ትንሽ አየር አብራችሁ ሳቡ። ድምፅ ያወጣል፣ ያውጣ። የቡና ቀማሾች ከማንኪያ ላይ ፉት ሲሉ የሚያሰሙትን ድምፅ ሰምታችሁ ከሆነ እሱ ነው። ሥራውም አንድ ነው፤ ሽታው በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ እንዲወጣ ነው። አፋችሁ ውስጥ አዙሩት፣ ምላሳችሁ ጎንና ድዳችሁ ላይ ይድረስ። ትፉት ወይም ዋጡት። ከዚያ ጣዕሙ አፋችሁ ውስጥ እስከ መቼ እንደሚቆይ ልብ በሉ። ብዙ ርካሽ ወይን ከአምስት ሰከንድ አያልፍም። አስር ከደረሰ እኔ ጎኑ ላይ ኮከብ አደርጋለሁ።

አንድ ሕግ አለን። ሁሉም ጽፎ እስኪጨርስ ማንም አይናገርም። አንድ ሰው «ኧረ ይሄ ቼሪ ቼሪ ይላል!» ካለ ቤቱ ሁሉ ቼሪ ይሸተዋል።

እኔ የሚሸተኝ ወይን ብቻ ነው። ችግር አለብኝ?

ምንም የለባችሁም። የጎደላችሁ ስሙ ነው እንጂ አፍንጫ አይደለም። የፈረንጅ መጽሐፍ ላይ ያለውን ብላክከረንት በልታችሁ የማታውቁ ከሆነ ከየት አምጥታችሁ ትሉታላችሁ? በምታውቁት ሽታ ጥሩት። እንጆሪ፣ ፕሪም፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድ፣ ዝናብ የነካው አፈር፣ አዲስ ቆዳ። አንድ ጓደኛችን የሪዮሃ ወይን አሽትቶ «በወይራ የታጠነ እንስራ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ የተሻለ መግለጫ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። በርሜሉ ሲሠራ ውስጡን በእሳት ይለበልቡታል፤ እናቶቻችን ጠላ ከመጥመቃቸው በፊት ጋኑን እንደሚያጥኑት ማለት ነው። አፍንጫው የነገረው እውነት ነው።

መጥፎ ሽታንም እወቁ። እርጥብ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት የሚሸት ከሆነ ቡሹ አበላሽቶታል። ኮምጣጤ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሸተተ ወይኑ ሄዷል። ነጥብ አትስጡት፣ ወደ ሱቁ መልሱት።

ነጥቡን እንዴት ልስጥ?

ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። አንደኛው ከ20 ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ በ1959 ያወጣው ሰንጠረዥ የዚህ አባት ነው። ሁለተኛው አሜሪካዊው የወይን ሃያሲ ሮበርት ፓርከር ያስለመደው ከ100 የሚሰጠው ነው። እሱ ግን ከ50 ነው የሚጀምረው፣ ሱቅ ውስጥ የምታዩዋቸው ቁጥሮችም ከ85 እስከ 95 ባለው ውስጥ የታጨቁ ናቸው። 88 እና 89 መሀል ያለውን ልዩነት እኔ መቅመስ አልችልም፤ ስለዚህ ከ20 እሰጣለሁ።

የኛ ሰንጠረዥ ቀላል ነው። ለሽታ 5። ለጣዕም 6። ለሚዛን 5። ለቆይታ 4። ሚዛን የምንለው ኮምጣጣው፣ ጣፋጩ፣ ታኒኑና አልኮሉ አንዱ ሌላውን ሳይጫን መኖሩን ነው። በርካሽ ድብልቅ ላይ ብዙ ነጥብ የሚጠፋው እዚህ ነው፣ ምክንያቱም ጉድለትን በስኳር መሸፈን ቀላል ነው። ከ14 በላይ ጥሩ ነው። 17 የደረሰ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ብናገኝ ነው።

ዋጋ ነጥቡ ውስጥ አይገባም። ከረጢቱ ከወለቀ በኋላ ግን እያንዳንዱ ሰው አንድ ጥያቄ ይመልሳል፦ በዚህ ዋጋ በራሴ ገንዘብ ደግሜ እገዛዋለሁ ወይ? ይህ አዎ ወይም አይ ነው፣ መሀል የለውም። 15 አግኝቶ «አይ» የተባለ ወይን አለ። 13 አግኝቶ ሁሉም «አዎ» ያለው 7 ዶላር ወይንም አለ።

የባለሙያዎቹ ነጥብ ይታመናል?

አንብቡት፣ ግን አታምልኩት። ሮበርት ሆጅሰን የሚባሉ ወይን ጠማቂና የስታቲስቲክስ መምህር ከ2005 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ግዛት አውደ ርዕይ ዳኞቹን ፈተኑ። ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳን ወይን ከሌሎች መሀል ደብቀው ሦስት ጊዜ አቀረቡላቸው። ዳኞቹ ለዚያው ወይን የሚሰጡት ነጥብ በአብዛኛው ወደ ላይም ወደ ታችም አራት ያህል ይዋዥቅ ነበር። ወጥ ሆኖ የተገኘው ከአስሩ አንዱ ገደማ ነው። በ2001 የወጣ ሌላ ጥናት አለ። በቦርዶ 54 የወይን ተማሪዎች ሽታ በሌለው ቀለም የቀላ ነጭ ወይን ቀረበላቸው። እነሱም ሽታውን በቀይ ወይን ቃላት ገለጹት።

ይህን የማነሳው ባለሙያን ለማጣጣል አይደለም። ዓይን አፍንጫን ያን ያህል የሚመራ ከሆነ እኛ ቤት ውስጥ ከረጢት ማልበሳችን ተገቢ ነው ለማለት ነው። ባለፈው የካቲት አክስቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን ተቀመጠች። ወይን ብዙም አትጠጣም። ሁለት ቁጥር ላይ «ይሄ አያስመስልም» ብላ ጻፈች፣ 17 ሰጠችው። ከረጢቱ ሲወልቅ የ8 ዶላር የፖርቱጋል ወይን ነበር። እኔ ያመጣሁት የ15 ዶላሩ ከአምስቱ አራተኛ ወጣ።

መትፋት ያሳፍራል፤ ግድ ነው?

የሚያሳፍረውስ አምስተኛው ላይ ስትደርሱ ምንም መለየት አለመቻል ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የማያሳይ የካርቶን ኩባያ ስጡት፣ ማንም አያፍርም። የሚነዳ ሰው ደግሞ የግድ ይትፋ፣ እኛ ጋ ይህ ክርክር የለውም።

ከሀበሻ ምግብ ጋር የትኛው ይሄዳል?

እንደ ምግቡ ነው። ጥብስና ክትፎ ስብ አላቸው፤ ስብ ታኒንን ያለዝባል። ስለዚህ የቦርዶ ዓይነት ድብልቅ ይስማማቸዋል። ሚጥሚጣው ሲበዛ ግን ጠንቀቅ በሉ። የሚያቃጥል ምግብ ላይ ታኒን ይመራል፣ አልኮል ደግሞ ቃጠሎውን ይብሱን ያቀጣጥለዋል። ለሚያቃጥል ነገር አልኮሉ ከ13.5 የማይበልጥ፣ ግሬናሽ የበዛበት፣ ቀዝቀዝ ያለ ይሁን።

ዶሮ ወጥ ላይ ነው የካሊፎርኒያዎቹ የሚክሱት። ለብቻው 12 የሰጠሁት፣ ስኳር የተረፈበት ድብልቅ፣ ከዶሮ ወጥ ጋር ሌላ ወይን ይሆናል። ስኳሩ በርበሬውን ያበርደዋል፣ ሽንኩርቱ ቁሌት ውስጥ ያወጣው ጣፋጭነትም ያግዘዋል። ስለዚህ ከእራት በኋላ የተረፈውን ደግመን እንቀምሳለን፣ ከነጥቡ ጎንም «ከወጥ ጋር» የሚል ሁለተኛ ነጥብ እንጽፋለን።

አዲስ አበባ ያለሁ ሰውስ?

እዚያም ይቻላል፣ ብዙ ጠርሙስም አያስፈልግም። ካስቴል ባቱ፣ የድሮው ዝዋይ፣ ባለው እርሻው ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞን ያለማል፤ ሪፍት ቫሊ የተባሉት ወይኖቹ ገበያ የወጡት በ2014 ነው። የአዋሽ ጉደርና አክሱማይት ደግሞ ሁላችንም ያደግንባቸው ስሞች ናቸው፤ ጉደር ደረቅ፣ አክሱማይት ጣፋጭ። ሦስት ጠርሙስ ሸፍናችሁ ጎን ለጎን ቅመሱ። ደረቁን ከደረቅ፣ ጣፋጩን ከጣፋጭ ጋር አወዳድሩ፣ አለዚያ ፍርዱ ትክክል አይሆንም። ስትገዙ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ የቆመውን ተዉት።

በአምቦ ውሃ ወይም በኮካ ቀላቅሎ መጠጣት ነውር አይደለም። የሰሜን ስፔን ባስኮችም ቀይ ወይንን በኮካ ቀላቅለው ካሊሞቾ ይሉታል። ነጥብ ስትሰጡ ብቻ ወይኑን ለብቻው ቅመሱት።

ቀይ ወይን ራሴን ያሳምመኛል። ሰልፋይቱ ነው?

ሁሉም ሰልፋይትን፣ ማለትም ወይኑ እንዳይበላሽ የሚጨመርበትን ነገር ይከሳል፤ ግን ነጭ ወይን ብዙ ጊዜ ከቀዩ የበለጠ ሰልፋይት አለው። በ2023 የዴቪስ ተመራማሪዎች ሌላ ሐሳብ አቅርበዋል። ከቀይ ወይን ቆዳ የሚገኘው ኬርሴቲን የተባለ ንጥረ ነገር ሰውነት ውስጥ ተለውጦ አልኮል በሚፈጭበት ሂደት ላይ እንቅፋት ይሆናል የሚል ነው። በሰው ላይ ገና መረጋገጥ ያለበት ነው። እስከዚያው ምግብ ሳይበሉ አለመጀመር፣ ውሃ ጎን ለጎን መጠጣት፣ የሚያምማችሁ ከሆነም መተው ይሻላል።

ተከፍቶ የተረፈው ስንት ቀን ይቆያል?

ክዳኑን መልሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ ካስገባችሁት ከሦስት እስከ አምስት ቀን። የሚያበላሸው አየር ስለሆነ፣ ግማሽ ጠርሙስ ከተረፈ በደንብ ወደ ታጠበ ትንሽ ጠርሙስ ገልብጡና እስከ አፉ ሙሉት። እኛ ጠርሙሱ ላይ ቁጥሩንና ቀኑን ጽፈን፣ በሦስተኛው ቀን ማታ ደግመን እንቀምሰዋለን። ቅዳሜ 14 የነበረው ማክሰኞ 16 ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ፤ በታኒን የታፈነው ፍሬ አየር ሲያገኝ ተፈትቶ ነው።